ለአባዬ ብቻ

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017

ይህ ደብተር የመኪና ነው። ከፊት ያሉት ገጾች ጋራዤ የገቡ መኪኖች ሕመም የተመዘገበባቸው ናቸው፤ የትኛው አይሱዙ ዳገት ላይ እንደሚያለከልክ፣ የትኛው ባጃጅ ጠዋት ጠዋት እንደሚያኮርፍ። ዛሬ የቤት ነገር መጣና ደብተሩን ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። ሌላ ደብተር ፍለጋ አሁን ማን ይወጣል!

ሽማግሌ ተላከብን። ለልጄ ለሊዲያ።

ረፋዱ ላይ ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ሼህ ሙሄዲን ናቸው። መርሳ ላይ እሳቸው ያልገቡበት ሽምግልና የለም፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ስንቱን ድረዋል፣ ስንቱን አስታርቀዋል። ተቀመጡ ብላቸው «ጉዳያችንን ሳትሰማ አንቀመጥም» ብለው ከነከዘራቸው በሩ ላይ ቆሙ። ለማን እንደሚጠይቁ ሲነግሩኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ለናሆም! ለማሩ ልጅ!

ማሩ ወልድያ ላይ መለዋወጫ የሚሸጥ ወዳጄ ነው። በጦርነቱ፣ በስደቱ ጊዜ ወደ ደሴ ሲወርድ መርሳ ላይ አይሱዙውን አቁሞ፣ ከሱቁ ያዳነውን ዕቃ መንገድ ዳር አራግፎ፣ በቦታው እኔን፣ ባለቤቴን ፀሐይንና ሊዲያን ጫነ። ያ ዕቃ ስንመለስ አልነበረም። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ልጁም እንከን የለውም፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ፍሬን እንኳን ሲይዝ ቀስ ብሎ ነው።

እዚያው እሺ ልል ነበር። ግን በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ ልጅ የተረፈን ያስመስላል። «ልጅቱንም ዘመዱንም እናማክር። ጾሙ ይለፍና ለዳግማይ ትንሣኤ ይምጡ» አልኳቸው። ሼህ ሙሄዲን «ኢንሻአላህ» ብለው ተቀመጡ።

ሲሄዱ ፀሐይ ብርጭቆ እያጠበች፣ «ልጅቱን እናማክር አልክ?» አለችኝ።

«ወጉ ነው» አልኳት።

«ወጉ ነው» ብላ ደገመችና ብርጭቆውን ከሚገባው በላይ አሸችው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለሊዲያ ደወልኩ። ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ነገሩን ስነግራት ጭጭ አለች።

«ሄሎ?»

«አለሁ አባዬ።»

«እና ምን ትያለሽ?»

«እጽፍልሃለሁ።»

በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? አፍሽ የት ሄዶ ብዬ ልቀልድ ስል ደንበኛ መጣብኝ አለች። የደንበኛ ድምፅ ግን አልሰማሁም።

እሑድ፣ የካቲት 16

ደብዳቤው ደረሰ። በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣ በመድኃኒት ካርቶን፣ እንደ ቁስል በፕላስተር ተጠቅልሎ። ውስጡ አንድ ፍላሽና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፦ «አባዬ፣ ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠትህ በፊት አንብበው። ለማንም እንዳታሳይ። ለእማዬም ቢሆን።»

ስልኬ ባለ በተን ነው፤ ፍላሽ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ያንን አሮጌ ኮምፒዩተር ከመጋዘን፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር አወጣሁት። ሊዲያ አሥረኛ ክፍል ሳለች የገዛሁላት ነው። ስንሰደድ ሲሪንቃ ወንድሜ ቤት ገለባ ውስጥ ተቀብሮ ከረመ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። በካቻቢቴ ፈታሁና በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ነፋሁት። የወጣው ገለባ አንድ ጥጃ ያጠግባል።

ተነሣ! አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ በጠፋና በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ 2009 ይመለሳል። ሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። ከሰዓት ጠጋኙ ዘንድ አዲስ አምጥቼ ገጠምኩና ቀኑን ራሴ አስተካከልኩ፤ ዓመቱን 2017፣ ወሩን 6፣ ቀኑን 16። ሰዓቱንም ከግድግዳው ሰዓት ጋር አናበብኩት፤ አንድ ደቂቃ አያዛንፍም። ይህን ሁሉ ማንንም ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት።

ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ፋይል ነው። ስሙ «ለአባዬ ብቻ» ይላል። ስጫነው በምን ልክፈተው ብሎ ጠየቀኝ፤ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን መረጥኩለት። ስክሪኑ በጥያቄ ምልክት፣ በሳጥንና በግማሽ ፊደል ተሞላ። ወደ ታች ብወርድ ብወርድ አያልቅም። ልጄ የፈለገውን ያህል ብትናደድ እንዲህ አትጽፍም።

ነገ ጾም ይገባል። ፀሐይ የቅበላው ወጥ ቀዘቀዘ እያለች ስትጠራኝ ይህ ሦስተኛዋ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ሰላም ናት፤ ጎበዝ ሴት፣ መርሳ ላይ ያለ ማመልከቻ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። የፋይሉን ጭራ፣ ከስሙ ኋላ ያሉትን ሦስት ፊደላት፣ ነገርኳት። «ፒዲኤፍ ነው ጋሼ ተፈራ፤ ማንበቢያ ፕሮግራም ይፈልጋል። ፍላሹን ያምጡት፣ እዚሁ ከፍቼ ላትምልዎት» አለችኝ።

ሰላም የሼህ ሙሄዲን ልጅ ናት።

«የግል ነው» አልኳት።

«የጤና ነው?»

«አዎ፣ የጤና።»

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ፕሮግራሙን በሌላ ፍላሽ ጭና ሰጠችኝ። ስወጣ «አላህ ያሽርዎት» አለችኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

የዛሬው አጭር ነው። የአይሱዙ ክላች ተከፍቶ ይጠብቀኛል።

ሊዲያ ደወለች። «ደረሰህ?» አለች። «ደረሰኝ።» «አነበብከው?»

አንብቤዋለሁ አልኩ።

ሌላ ምን ልበል? መኪና በድምፁ የሚያውቅ አባትሽን ኮምፒዩተር አሸነፈው ልበላት? ዛሬ ወይ ነገ አነበዋለሁ፤ ያኔ ውሸቱ እውነት ይሆናል።

«እና ምን አሰብክ?» አለች። «አስብበታለሁ» አልኳት። «ገና ታስብበታለህ?» ብላ ድምጿ ድንገት ቀለል አለ፤ ያ የልጅነት ድምጿ። «እውነትህን ነው አባዬ?» «እውነቴን ነው» አልኩ።

ደስ ብሏታል ማለት ነው። ልጁን ወዳዋለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ፕሮግራሙ አልገባም። መዝገበ ቃላት ይዤ መልእክቱን ስፈታው፣ እኔ የተሠራሁት ለሌላ ዓይነት ማሽን ነው ይላል። ይህንስ አውቀዋለሁ፤ የትልቁን አይሱዙ ዕቃ ለትንሹ እንደ መግጠም ነው። ሰላም ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሆን ቀየረችልኝ።

ከተማው ግን መታመሜን አምኗል። ሼህ ሙሄዲን ጥቁር አዝሙድ በማር ላኩልኝ። ዳቦ ጋጋሪው ወንበር አወጣልኝ። ትናንት አንድ ደንበኛ መኪናው ሥር ስገባ «ኸረ ጋሼ፣ አንቱ ይረፉ፤ እኔ እገባለሁ» ብሎ ራሱ ተንጋለለ። ፍሬኑን ፈታ፤ መግጠሙ አቃተው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

አሁን ደግሞ ቦታ የለኝም አለ። ኮምፒዩተሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ምን እንደሞላው ሳይ የዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ፀሐይ እስክስታ የምትወርድበት፣ እኔ ከነባርኔጣዬ ያንቀላፋሁበት። የኔን እንቅልፍ አጠፋሁ፣ የእሷን እስክስታ ተውኩት።

ከሥር «ሊዲያ» የሚል ማኅደር አገኘሁ። የትምህርት ቤት ነገር መስሎኝ ከፈትኩት። የጋራዤ ፎቶዎች ናቸው። የተፈታ ሞተር፣ ኢንጀክተር፣ የተበላ ክላች፤ እያንዳንዱ ላይ ስሙንና ሥራውን ጽፋለች። አንዱ ላይ፦ «ይህ ሲያረጅ ፉጨት ያሰማል፤ አባዬ ከመንገድ ማዶ ያውቀዋል።»

አዎ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዥ ትመጣ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ሞተር ታዳምጣለች፤ ከአሥር ስምንቱን ትመልሳለች። የመኪና ቴክኖሎጂ ልማር ስትል እኔ ነኝ ጋራዥ የሴት ቦታ አይደለም ያልኩት። ፎርሙ ላይ ፋርማሲ ብዬ የሞላሁትም እኔ ነኝ፤ እሷ ፈረመች። «እሺ አባዬ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ነገ እንነጋገርበታለን ብያት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ይህን አሁን ለምን እጽፈዋለሁ? ደኅና ሥራ ይዛለች። ነጭ ጋውን ለብሳ ንጹሕ ቦታ ትውላለች።

ማኅደሩን አላጠፋሁትም። ቦታ ግን ተገኝቷል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ ከመቶ እያለ ሄደልኝ። ፀሐይን ልጠራት ነበር። ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ወጣ። ግማሽ ሰዓት በመዝገበ ቃላት ስፈታው፦ የዚህ ፕሮግራም ፊርማ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም።

ገና አልደረሰም! እኔ ለሽማግሌ የሰጠሁትን መልስ ለእኔ ሰጠኝ። ሄደህ ቆይተህ ተመለስ ነው የሚለው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ገና አልደረሰም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

አጥፍቼ አበራሁ። ዛሬም ገና ነው። ሰላም መንገድ ላይ «ገባልዎት?» ስትለኝ «ገባ ገባ» አልኳት። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ለፍታልኛለች፤ ሦስተኛ ማስቸገር ነውር ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ደብረ ዘይት፣ የጾሙ እኩሌታ። ትናንት ወልድያ ወጥቼ ነበር፤ ከማያውቁኝ ሰዎች ዘንድ ኢንተርኔት ቤት ልከፍተው ብዬ። ገብቼ ወንበር ከመያዜ መብራት ሄደ። ቆሜ ስጠብቅ ትከሻዬን አንድ ሰው መታኝ። ዞር ብል ማሩ! ከተማው ሙሉ ሰው እያለ።

«አንተ! ወልድያ መጥተህ ሳትደውልልኝ?» ብሎ እየጎተተ ወሰደኝ። ሽሮ በላን፣ በግድ ሁለተኛ ጨለፈልኝ። ቤቱን አሳየኝ፤ ከጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ቀለም አስቀብቷል። «ለልጆቹ» አለኝ። ልጆቹ! ፍላሹ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ማሩ ሲያቅፈኝ ወጋኝ።

ናሆም ከበር ድረስ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ ሊዲያ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጆሮው ቀልቷል። ደኅና ናት አልኩት። ያልተጠየቅኩትን በመመለስ እኔን የሚያክል የለም።

መብራቱ የመጣው ወደ መርሳ የሚወርድ መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ወርጄ መመለስ እችል ነበር። ሾፌሩ ግን ሊነሣ ነበር፣ ደግሞም መሽቷል። በደንብ አልመሸም። ይሁን።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ፀሐይ ጓሮ ሆና ከሊዲያ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አልነበረም፤ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነው።

«እኔማ ቃል አስገብተሽኝ አፌ ተለጎመ» ትላለች። «አንቺ ካልነገርሽው ግን እኔ እነግረዋለሁ።» ከዚያ ታዳምጣለች። ከዚያ «ያስብበታል ብለሽ ስንት ሳምንት? እሱ እንደሆነ ሞተር ካልሆነ አይሰማም።»

ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ ይሆናል። ሽንኩርት ግን አላየሁም።

«ምንድን ነው የምትነግሪኝ?» አልኳት።

«ያ ኮምፒዩተር ተከፈተልህ?»

«ገና ነው።»

«ወልድያ ሄደህ አልከፈትክም፣ ደሴ አልሄድክም፣ ሰላም ቤቷ ሁለት እርምጃ ናት። ተፈራ፣ አንተ የናፍጣ ፓምፕ በሁለት ሰዓት የምትፈታ ሰው ነህ» አለችና ወጥ ልታማስል ሄደች።

ምን ማለቷ ነው? ጾም ላይ ሴት ትቆጣለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ውርጌሳ መንገድ ላይ መኪና ቆሞብኝ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋልኩ። ኮምፒዩተሩን አልነካሁትም። ገና እንደሆነ አውቃለሁ።

ፈርተህ ነው የሚለኝ ካለ፣ ምን ያስፈራኛል? ወዳዋለች። ድምጿ ቀለል ብሎ ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

እንኳን አደረሰን። ሊዲያ አልመጣችም፤ ተረኛ ነኝ አለች። በዓል በመጣ ቁጥር ተረኛ የምትሆን ልጅ አልነበረችም።

ማሩ ከወልድያ በግ ላከልኝ። በጉ ግቢ ውስጥ ሲጮህ ፀሐይ ወጥታ አየችውና «ይህ ደግሞ መልስ ሊቀበል ነው የመጣው?» አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሥጋው አልጣመኝም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ሥጋ አልጣመኝም።

ዛሬ ሳምንት ይመጣሉ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

የዛሬውን በደንብ ልጻፍ።

ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ሰማንያ ሁለት፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ ገና አልደረሰም። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ያቺን ማኅደር እንደገና ከፈትኩ። «አባዬ ከመንገድ ማዶ ያውቀዋል» የሚለውን አነበብኩ። ከመንገድ ማዶ የማውቀው ኢንጀክተር ነው። ልጄ ኮምቦልቻ ሆና «ደንበኛ መጣብኝ» ስትለኝ ደንበኛ እንደሌለ ሰምቼ ነበር እኮ። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩት። እሺ አባዬ ያለችኝ ዕለትም ሰምቼ ነበር።

ጋራዥ ሄጄ ከአንድ የቆመ መኪና ጀርባ ቆሜ ደወልኩ።

«ሊዲያ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ።»

«ምን ሆንክ? ታሟል የሚሉት እውነት ነው እንዴ?» ወሬው ኮምቦልቻ ደርሷል።

«አልታመምኩም። ደብዳቤሽን አላነበብኩትም።»

«አንድም ፊደል?»

«ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው ያየሁት። ኮምፒዩተሩ አልከፍት አለኝ። አንብቤዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ላስቃት፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ትተነፍሳለች። አንድ ጊዜ አፍንጫዋን ሳበች።

«እሑድ ይመጣሉ» አልኳት። «አሁን በአፍሽ ንገሪኝ። ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«የጻፍኩትን ተወው። አሁን እየጠየቅከኝ ነው አባዬ?»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«የጋሼ ማሩስ ነገር?»

«ማሩ የኔ ወዳጅ ነው። የእሱን ነገር እኔ እችለዋለሁ። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ ጭስ ማውጫው የተበሳ። ሌላ ቀን ቢሆን ሮጬ የጋራዤን ካርድ እሰጠው ነበር።

«አልፈልግም» አለች። «ናሆም ክፉ ልጅ አይደለም። ግን አልፈልግም አባዬ።» ከዚያ ለቅሶዋ መጣ፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሱቋ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ።

«እሺ ልጄ» አልኳት። «እሺ። ሰምቻለሁ።»

ማታ ለፀሐይ ነገርኳት። እራት አቀረበችና በእጇ አጎረሰችኝ። ለብዙ ጊዜ ያላደረገችው ነገር ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

መጡ። ዛሬም ቆሙ። እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ላይ ስንት አበባ እንዳለ አሁን አውቃለሁ፤ አሥራ አራት ነው።

«ልጅቱን አማክረናል» አልኩ። «አልፈቀደችም።»

ሼህ ሙሄዲን ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጅቱ ናት ወይስ አንተ?»

«ልጅቱ ናት። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።»

«ቀን እንጨምር?»

«አንቱን ማመላለስ ይሆንብኛል። ይቅርታ ያርጉልኝ።»

አንዱ ሽማግሌ አጉረመረመ፤ ማሩ እንዲህ ያለ ሰው፣ እንዲህ ያደረገላችሁ ሰው እያለ። ሼህ ሙሄዲን እጃቸውን አነሡበት። «ተወው። ስንቱ አባት ልጄ እምቢ አለች ማለት አፍሮ ዓመት ያመላልሰናል። ይኸ ወላሂ ቀጥ አድርጎ ነገረን» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ፦ «ለማሩ እኔ እነግረዋለሁ። አንተም ግን ራስህ ደውልለት። አብሽር።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «ሕመሙስ ተሻለህ?» አሉኝ።

«ተሻለኝ» አልኳቸው።

«ጥቁር አዝሙዱ ነው» አሉና ወጡ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ለማሩ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ አላነሣም፤ በሦስተኛው አነሣ። መንተባተብ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ተፈራ፣ ያኔ ስጭንህ ልጅህን ልጠይቅህ ብዬ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ምን ያንተባትብሃል?» አለ። ድምፁ ግን የማሩ ድምፅ አልነበረም፤ የሱቅ ድምፅ ነው፤ ለደንበኛ የሚያወጣው። ደኅና ዋል ብሎ ዘጋው።

እነዚያ ሁለት ቀለም የተቀቡ ክፍሎች ከዓይኔ አልጠፉም። ናሆምም፣ ጆሮው። አዝኛለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። እመለስበታለሁ ማሩጋ፤ ፊቱን ቢያዞርም ሄጄ ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

አሁን የምደብቀው ስለሌለ ሰላም ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት፤ የጤና አይደለም፣ ፕሮግራሙም አልገባም። አልተቀየመችም። «ምን እያለ ነው እምቢ የሚልዎት?» አለች።

«ፊርማው የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ገና ነው።»

ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ስንት ይላል?»

«ልክ ነው፤ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት። ዓመት 2017፣ ወር 8፣ ቀን 24።»

ሰላም ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ተደግፋ ሳቀች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎችም ሳይገባቸው ሳቁ። «ጋሼ ተፈራ፣ ኮምፒዩተር እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው! 2025 ነው ለእሱ። አንቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስደው አስቀምጠውት፣ እሱ ምን ያድርግ? ፕሮግራሙ በእሱ አቆጣጠር ገና አልተወለደም!»

ሰዓቱንስ? ሰዓቱም በፈረንጅ ነው። የግድግዳ ሰዓቴ ለምንም አልሆነም።

ቤት ገብቼ ቀኑን ቀየርኩ። ሰማንያ ሁለትን አልፎ፣ ዘጠናን አልፎ፣ መቶ ሞላ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ለሁለት ወር የፈራሁት ነገር አንድ ደቂቃ።

ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር፤ ነገሩ አልቋል። ግን «ለአባዬ ብቻ» ይላል፣ አባዬ ደግሞ እኔ ነኝ። ተጫንኩት።

ግማሽ ገጽ ነው። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«አባዬ፣ ስትነግረኝ ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው። አሁን አስቤበታለሁ። ጋሼ ማሩ ያደረጉልንን አልረሳሁም። አይሱዙው ላይ ስንወጣ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አንተን በሰው ፊት ማሳፈር አልፈልግም። ስለዚህ እሺ አባዬ። እሺ በላቸው። ናሆምን እለምደዋለሁ። ይህን ለእማዬ እንዳታሳያት፤ ካየች ታስቀረኛለች። ወድዳ ነው በላት። ሊዲያ።»

እሺ አባዬ።

ያኔ በየካቲት፣ ከጾሙ በፊት ባለችው እሑድ ቢከፈትልኝ፣ አነብበው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ እያነበብኩ ጮኼ ፀሐይን እጠራት ነበር። ወዳዋለች እል ነበር። ለሼህ ሙሄዲን ዳግማይ ትንሣኤን ሳልጠብቅ እሺታዬን እልክላቸው ነበር። ራሴን አውቃለሁ፤ ይህንን በትክክል እንደማደርግ አውቃለሁ። «አስብበታለሁ» ስላት ድምጿ ለምን ቀለል እንዳለ አሁን ገባኝ።

ብዙ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገብታ ትከሻዬን ነካችኝና ስክሪኑን ሳታይ ወጣች።

ሊዲያ ማምሻው ላይ ደወለች። ሥራዋን፣ የኮምቦልቻን ሙቀት፣ ለጰራቅሊጦስ እንደምትመጣ አወራችኝ። ስትመጣ ጋራዡ ውስጥ አንድ የማይነሣ ሞተር አስቀምጬልሻለሁ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትነግሪኛለሽ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«አባዬ፣ ያ ፋይል… በኋላ ከፈትከው እንዴ?»

ስክሪኑ ፊቴ ላይ ነው፤ ስሟ ከታች።

«እምቢ አለኝ» አልኳት። «ሰለቸኝና ወደ ሽንኩርቱ መለስኩት።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንኳን አልከፈተልህ» አለች።

«አዎ» አልኳት፤ «እንኳን።»